ቤት አይቶ ካርድ የሚሸጠው ክፍሎም

ክፍሎምን የማያውቅ የፒያሳ ሰው ካለ ኮምፒዩተር የለውም ማለት ነው። ወይም ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶበት አያውቅም፤ እሱ ደግሞ በእኛ መብራት የማይታሰብ ነው። ሱቁ በጣሊያን ጊዜ በተሠራ ባለ ሰገነት ሕንጻ ሥር፣ ከደረጃው በታች ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በሩ ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። እንዲያም ሆና የአራት ኪሎ ተማሪ፣ የአምስት ኪሎ የቢሮ ሠራተኛ፣ የዶሮ ማነቂያ ጌም ቤት ባለቤት ሁሉ የሚመጣው ወደ እሷው ነው።

ይህን መጻፍ ያለብኝ እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። የክፍሎምን መልካምነት ሌላ ሰው ቢያወራው ያምርበታል፣ እኔ ሳወራው ግን አፌ ውስጥ ይመረኛል። ቢሆንም የሰውን ልክ ከበደሉት በኋላ ነው የሚያውቁት፤ ስለዚህ ልናገረው።

ክፍሎም ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ፣ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ በእስክሪብቶ ፈንታ የአቧራ መጥረጊያ ብሩሽ የሚይዝ ሰው ነው። ከአዲግራት አዲስ አበባ የመጣው በዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ነበር። ሐሳቡ ሾፌር መሆን ነበር። ፒያሳ የጽሕፈት መኪና የሚጠግን አጎት ነበረውና "መንገድ ዕድሜ ያሳጥራል፣ አርፈህ ቁጭ በልና ሙያ ተማር" ብለው አስቀሩት። የጽሕፈት መኪና ዘመን ሲያልፍ አጎቱም አለፉ። ክፍሎም ያቺኑ ጠረጴዛ ይዞ ወደ ኮምፒዩተር ዞረ። አሁንም ኪቦርድ ሲያጸዳ ላየው ሰው ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየነካ የሚያዳምጣቸው ይመስላል። ሚስቱ ዓለምጸሃይ "እኔን እንዲህ አዳምጦኝ አያውቅም" ትላለች፤ ውሸቷን ነው፣ ያዳምጣታል።

ሌላው ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠይቅህ በጀትህን ነው። ክፍሎም ግን "ሐወይ፣ መጀመሪያ ቤትህን ልይ" ይላል፤ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ በትግርኛው። ቤት ሳያይ ግራፊክስ ካርድ፣ የጌሙን ምስል የሚያወጣውን ዕቃ፣ አይሸጥም። አንተ ገንዘብህን ይዘህ ቆመሃል፣ እሱ ሱቁን ቆልፎ ይከተልሃል። ቤትህ ሲደርስ የመብራት መስመሩን ያያል፣ ቆጣሪው የስንት አባወራ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከዚያ "እስቲ ተጫወት" ብሎህ ከኋላህ ቁጭ ይላል። አንዴ ትልቁን ካርድ ካልሸጥክልኝ ብሎ ያስቸገረው አንድ ጎልማሳ ቤት ቢሄድ፣ ኮምፒዩተሩን ከውሃ በርሜል ጎን ተደግፎ አገኘው። ካርድ አልሸጠለትም። በርሜሉን አብሮት ተሸክሞ ደጅ አውጥቶ ተመለሰ። እኛ ይህን ሰምተን ስንስቅ እሱ አልሳቀም። "ልጅህን ስትድር የምትገባበትን ቤት አታይም?" አለን።

እኔ ገብረክርስቶስ እባላለሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ጌም እጫወታለሁ። የመጨረሻዋን ለመጻፍ እጄ ትንሽ አመነታ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ቢጠጣ "ጭንቀት ይዞት ነው" ይባላል፤ ቢቅም "ጓደኛ አበላሽቶት ነው" ይባላል፤ ጌም ቢጫወት ግን ሰበብ የሚፈልግለት የለም። መሥሪያ ቤት ሲጠይቁኝ ኮምፒዩተሩ የልጄ የዳናይት ነው እላለሁ። ዳናይት ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። እስካሁን ያንን ያስተዋለ የለም።

የምጫወተው የከባድ መኪና መንዳት ነው። መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ በሕይወቴ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ከቢሮ ስመለስ ግን ባለ ተሳቢ መኪናዬን አስነሥቼ በማላውቀው የፈረንጅ አገር ዝናብ ውስጥ ብረት ጭኜ እነዳለሁ። ሚስቴ እየሩስ ከጓዳ ሆና "ዛሬስ የት ደረስክ?" ትለኛለች። "ፖላንድ" እላታለሁ። "ስትመለስ ዳቦ ይዘህ ና" ትለኛለች።

ከቤተሰቤ ውጪ በዚህ ያልሳቀብኝ ክፍሎም ብቻ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ "እስቲ ተጫወት" ሲለኝ አፍሬ "የምትጫወተው እኮ ልጄ ናት" አልኩት። አየኝና "እሺ፣ እሷ እንዴት እንደምትነዳ አሳየኝ" አለኝ። ጀመርኩ። አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር እንደነዳሁ ከኋላዬ "ቀኝህን ያዝ! ተሳቢህን እይ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል ክፍሎም አልጋው ጫፍ ላይ ወደ ፊት ተንጠልጥሎ፣ በመኪና መስኮት እጁን እንደሚያወጣ ሰው ክንዱን ዘርግቷል። የዐሥራ ሰባት ዓመቱ ረዳት ቤቴ ውስጥ ተገኘ! ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እየመጣ ረዳቴ ሆነ። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ መስታወት ያያል፣ ሚዛን ጣቢያ ስንደርስ ይቆጣል፣ ዳገት ላይ ማርሽ መቀየር አታውቅም እያለ ይሳደባል። ከሳምንቱ ሰባት ቀን ያላፈርኩባት ቀን እሷ ብቻ ነበረች።

እናቴ ስታርፍ ሳጥኗን ከተሸከሙት አንዱ ክፍሎም ነው። ሱቁን ሦስት ቀን ዘግቶ ድንኳን ውስጥ አብሮኝ ተቀምጧል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የተዋወቅነው እንዲህ ነው።

አራዳ ውስጥ ደንበኛ ማለት ዕቃ የምትገዛበት ሰው ብቻ አይደለም። ሃይማኖት ብትቀይር የሚጠይቁህ የንስሐ አባትህ ናቸው፣ ደንበኛህን ብትቀይር ግን ሠፈሩ በሙሉ ይጠይቅሃል። ከክፍሎም ሱቅ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሙስዓብ የሚባል ሌላ የኮምፒዩተር ዕቃ ነጋዴ አለ። ክፍሎም ጋ ያለው አረንጓዴው ካርድ፣ ኤንቪዲያ ነው። ሙስዓብ ጋ ያለው ቀዩ፣ ኤኤምዲ። የጌም ልጆች በሁለቱ ካርዶች እንደ ኳስ ደጋፊ ይሰዳደባሉ። ሁለቱ ነጋዴዎች ግን ክፉ ቃል ሲለዋወጡ ሰምቼ አላውቅም፤ በረመዳን ክፍሎም ማኪያቶውን በር ላይ አይጠጣም፣ ገብቶ ነው የሚጠጣው።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ አሮጌው ካርዴ ማቃሰት ጀመረ። መኪናዬ ከተማ ስትገባ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድልድይ ላይ ስትወጣ ጭራሽ ይቆማል። ሁለት ሳምንት ዩቲዩብ ላይ አፍጥጬ ከረምኩ። አንዱ አረንጓዴውን ያነግሣል፣ ብርሃን እርጥብ አስፋልት ላይ ሲያርፍ እንደ እሱ የሚያሳይ የለም ይላል። ሌላው ቀዩን ያነግሣል፣ በዚያው ገንዘብ የበለጠ ይሮጥልሃል ይላል። ልቤ ወደ ቀዩ አደላ። ለምን እንደሆነ እንኳ በደንብ አላውቅም፤ ሳጥኑ አምሮኝ ይሆናል።

ለክፍሎም ነገርኩት። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ቤቴ መጣ። መቶ ጊዜ የገባበትን ቤት እንደ አዲስ አየው። የምንኖረው የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው፣ አንዱን ቆጣሪ ለአራት አባወራ ነው የምንጋራው። ግድግዳው ላይ የተሳበውን ሽቦ በመዳፉ ይዞ ሙቀቱን ለካ። ከዚያ እየሩስን ጠየቃት።

"ጎረቤቶችሽ ምድጃ የሚያበሩት ስንት ሰዓት ነው?"

"አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ያበራሉ።"

"እሱስ መንዳት የሚጀምረው?"

"አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ" አለችና ሳቀች።

ክፍሎም አልሳቀም። አንገቱን ነቅንቆ ሽቦውን ደግሞ ነካው።

"ታዲያ የቱን ልግዛ? አረንጓዴውን ወይስ ቀዩን?" አልኩት።

"እስከ ቅዳሜ ስጠኝ።"

"አሁን ብትነግረኝ ምናለበት?"

"ሐወይ፣ የሚጣደፍ ሾፌር ረዳቱን መንገድ ላይ ጥሎ ይሄዳል። እስከ ቅዳሜ" አለኝና ወጣ።

በማግስቱ መሥሪያ ቤት ከጥሩነሽ ጋር ፋይል ስናስር ወሬውን አነሣሁት። ጥሩነሽ ከእኔ ጋር ዐሥር ዓመት የሠራች፣ ክፍሎምን ግን በዐይኗ አይታው የማታውቅ ሴት ናት። ለልጄ ካርድ ልገዛ ነው፣ ነጋዴው እስከ ቅዳሜ ስጠኝ አለኝ አልኳት። ቀና ሳትል "አረንጓዴ አይደል የሚሸጠው? ታዲያ ምኑን ነው የሚያስበው? ያለውን ሊያሸክምህ ነው እንጂ። ነጋዴ እኮ ነው፣ ገብሬ" አለችኝ።

ክፉ አስባ አይደለም። ክፉውን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ቃሏን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ፣ ይዤው ተኛሁ፣ ይዤው ተነሣሁ። ግድግዳዬን መንካቱ፣ እየሩስን መጠየቁ፣ ቅዳሜ ማለቱ፣ ሁሉም የንግድ ዘዴ ሆኖ ታየኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያወቅሁትን ሰው አንዲት የፋይል ክር እስክትታሰር በተነገረች ቃል ሸጥኩት። ደግሞ ይሉኝታው አለ። ቅዳሜ አረንጓዴውን ታቅፎ በሬ ላይ ቢቆም እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። እንግዲያው ቀድሜ ገዝቼ ልገላገል አልኩ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ፒያሳ ወረድኩ። በክፍሎም ሱቅ ፊት ላለማለፍ በጀርባ ዞሬ በልብስ ሰፊዎቹ መተላለፊያ ገባሁ። ባርኔጣም አድርጌ ነበር። ባርኔጣ አድርጌ ስለማላውቅ መንገድ ላይ ሦስት ሰው "ምነው ገብሬ፣ አሞሃል እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ሙስዓብ ከባንኮኒው ኋላ ነበር። ከእኔ በዐሥር ዓመት የሚያንስ ትሑት ሰው ነው። ሲያየኝ ፊቱ በራ፣ ምን እንደምፈልግ ሳልነግረው ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር አንድ ቀይ ሳጥን አወጣ።

"ጋሽ ገብሬ፣ ይሄ ላንተ ነው" አለኝ። የነጋዴ ምላስ ነው ብዬ ናቅሁት። "ክፍሎም እኮ..." ብሎ ሲጀምር አቋረጥኩት።

"የክፍሎምን ስም አታንሣብኝ! እዚህ መምጣቴንም አይወቅ" አልኩት፣ በመስታወቱ ወደ ማዶ እያየሁ።

ሙስዓብ ሳጥኑን እንደያዘ ቆመ። "አይወቅ?"

"አይወቅ። በአላህ ይዤሃለሁ።"

"እርግጠኛ ነህ፣ ጋሽ ገብሬ?"

"ምን ሆነሃል? ሽጥልኝ አልኩህ እኮ።"

ዋጋውን ነገረኝ። ከፈልኩት፣ ሳጥኑን ሰጠኝ። ዳቦ ቤት ገብቼ ስድስት ዳቦ ገዛሁና ሳጥኑን ፌስታል ውስጥ ከዳቦው ሥር ቀበርኩት። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በራሱ ደመወዝ የገዛውን ዕቃ ዳቦ አልብሶ ሲሮጥ ያየ ሰው ምን ይል ይሆን?

ያን ቀን ማታ ካርዱን ራሴ ገጠምኩት። መኪናዬ ከተማውንም ድልድዩንም ያለ አንዳች ማቃሰት አለፈች። ጎረቤቶቹ ሁሉ ምድጃ አብርተው እንኳ አምፖላችን አልደበዘዘም። እየሩስ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

"ክፍሎም ቅዳሜ አልነበር ያለህ?"

"ዱባይ ያለው የአጎቴ ልጅ ላከልኝ በይው።"

ዐይን ዐይኔን አየችኝ። "እኔ የምለው የለኝም። አንተው በለው" አለችና ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

ዱባይን ዝም ብዬ አልመረጥኳትም። በእኛ አገር ዘመድ ከውጭ የላከው ዕቃ ከደንበኛ ሕግ ነፃ ነው። ማንም ነጋዴ በእሱ አይቀየምም፤ "እግዜር ይስጥልህ በለው" ይልሃል እንጂ። ውሸቷን እንደዚህ መዝኜ፣ ለክታና ቆርጬ ነው ያዘጋጀኋት።

ክፍሎም ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። እጁ ባዶ ነበር። አረንጓዴ ሳጥን ባላይበት ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ፣ አልጠረጠርኩም።

"የካርዱ ነገር እንዴት ሆነ፣ ሐወይ?"

"ኧረ ጉድ ነው! ዱባይ ያለው የአጎቴ ልጅ ሳልጠይቀው ላከልኝ።"

"ዱባይ?"

"ዱባይ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። "መቼ ደረሰ?"

"ትናንት።"

"በማን እጅ?"

"የሚያውቃት ሆስተስ አለች፣ በእሷ።"

"ቀዩን ነው የላከልህ?"

"ቀዩን። እሱ የመረጠውን ነው እንግዲህ፣ እኔ ምን አውቃለሁ።"

"ገብሬ" አለ። ሐወይ እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። "ከሌላ ሰው ገዝተኸው ቢሆን እኮ ምንም አይደለም።"

እውነቱን እንድናገር በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ። ትንሽ ልብ ያለው ሰው በእሷ ይወጣ ነበር። እኔ ግን "ምን ነካህ አንተ? የእናቴን አጽም!" ብዬ ማልኩ።

ሳጥኗን በተሸከመው ሰው ፊት ነው የማልኩት። እየሩስ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር፤ እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየኋት። ክፍሎም ወለሉን አየ። ከዚያ ተነሥቶ የኮምፒዩተሩን ጎን ከፈተና ብሩሹን ከኪሱ አወጣ። የካርዱን የመብራት ገመድ እስከ መጨረሻው አላስገባሁትም ኖሯል። ቀጭ እስኪል ድረስ ተጭኖ አስገባው፣ ዙሪያውን ጠረገው፣ ክዳኑን መለሰ።

"እንዲህ እንደ ላላ ቢቆይ ይቃጠልብህ ነበር" አለ። በሩ ላይ ሲደርስ ደግሞ "ጥሩ ካርድ ነው። ለዚህ ቤት የሚሆነው እሱ ነው" አለኝ።

ሻይ ጠጣ ብንለው አልተቀመጠም። በማግስቱ እሑድ አልመጣም። ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። በሚቀጥለውም እሑድ አልመጣም። እኔም መኪናዬን አስነሥቼ አንድ ከተማ ደርሼ ተሳቢዬን ከአጥር ጋር አላተምኩና ኮምፒዩተሩን ዘጋሁ። እየሩስ የት ደረስክ ብላ አልጠየቀችኝም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሙስዓብ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ወደ ነገሩ ገባ።

"ጋሽ ገብሬ፣ በአላህ ይዘኸኝ ነበር፤ ግን አልቻልኩም። ያን ዕለት ቅዳሜ በጠዋት ክፍሎም ካርዱን ሊወስድ ሲመጣ ዕቃው የለም። የት ሄደ ሲለኝ ምን ልበለው? ጋሽ ገብሬ ወስዶታል አልኩት።"

"የምን ካርድ ነው የሚወስደው?" አልኩ።

"ያንተን ነዋ! ረቡዕ ሱቁን ዘግቶ ከሰዓቱን ሙሉ እኔ ጋ ነው የዋለው። ሦስት ካርድ እየሰካ እየነቀለ ሞከረ። እሱ ጋ ያለው አረንጓዴ መቶ ሰባ ዋት ይፈልጋል፣ ይሄ መቶ ሠላሳ ሁለት ነው፤ የገብሬ ቤት መስመር ደክሟል፣ አራት አባወራ ነው የተሸከመው አለኝ። ከሦስቱ ደግሞ ማራገቢያው የማይጮኸውን መረጠ፣ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ እየሩስ ትረበሻለች ብሎ። ቅዳሜ ራሴ ወስጄ እገጥምለታለሁ፣ አስቀምጥልኝ፣ ዋጋውንም ቀነስ አድርግለት ብሎ ለምኖኝ ሄደ። ዓርብ ስትመጣ እሱ የላከህ መስሎኝ ነው ያወጣሁልህ። ስሙን አታንሣብኝ አልከኝ። እኔ ምን ልበል?"

ታክሲው መጣ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከኋላ አንዲት ሴት "አባቴ፣ ይሂዱ እንጂ" አለችኝ። ከሰልፉ ወጣሁ።

ውሸት ተይዞበት የሚያፍር ሰው አለ፤ እሱ ሲያድር ይለቀዋል። የእኔ አልለቀቀኝም። ሊያታልለኝ ነው ብዬ ባርኔጣ አጥልቄ የተደበቅኩት ሰው፣ ለእኔ ቤት ብሎ ገበያውን ለማዶው ነጋዴ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። ልገዛው ፈልጌ ይሉኝታ የያዘኝን ያንኑ ካርድ ነው የመረጠልኝ። አንድ ቀን ብቻ ብታገሥ በእጁ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ያን ቀን መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ ፊቴ ይነድ ነበር። ጥሩነሽ "ካርዱ ተገዛ?" ስትለኝ "ተገዛ" አልኳትና ወደ መደርደሪያዎቹ ዞርኩ።

ሦስት ቀን እሱ ሱቅ በር ድረስ እየሄድኩ ተመለስኩ። በአራተኛው ቀን ገባሁ። ሰው ነበረው፣ ጠበቅሁ። ብቻችንን ስንቀር ሁሉንም ነገርኩት፤ የጥሩነሽን ቃል፣ ባርኔጣውን፣ ዳቦውን፣ ዱባይን። የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ዘረገፍኩት። ኪቦርድ እያጸዳ ሰማኝ።

"ሙስዓብ ጋ መግዛትህ አይደለም" አለኝ ስጨርስ። "እኔ ራሴ ነበርኩ የማመጣልህ። መሐላውንም ከእናትህ ጋር ተነጋገርበት፣ እኔ አልገባበትም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ።"

"ጠይቀኝ።"

"እስከዛሬ ቤትህ ስገባ፣ ግድግዳህን ስነካ፣ ምን ልሽጥለት እያልኩ የምገባ ይመስልህ ነበር?"

"በፍጹም" ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ያን ሳምንት እንዲያ መስሎኝ ነበር፤ ሌላ ውሸት ልጨምርበት አልቻልኩም።

"አንድ ሳምንት ብቻ" አልኩት።

"አንድ ሳምንት" አለ፣ እንደ ዕቃ በእጁ እየመዘነው።

"ይቅርታ አድርግልኝ፣ ክፍሎም።"

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለኝ ወዲያው። እንዲያ ነው የሚባለው፤ እሱም ከልቡ እንዳለው አምናለሁ። ማኪያቶ አስመጣልኝ። ስኳር መጨመሬን ረስቼ ጠጣሁት። ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ዳናይት ትምህርት አወራን። ስወጣ "እሑድ ና እንጂ" አልኩት። "እናያለን" አለኝ።

ለገና መጣ። ዶሮውን አመሰገነ፣ ለቤቱ መረቀ፣ ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ሄደ። ኮምፒዩተሩን ቀና ብሎ አላየውም። እኔም ና መስታወት እይልኝ አላልኩትም።

ያለፈው ሳምንት ያየሁት ግን ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ለቢሮ ኪቦርድ ልወስድ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ሔርሜላ የምትባል አንዲት ወጣት ገባች። አምስት ኪሎ አካባቢ ተከራይታ የምትኖር፣ ሥራ ከጀመረች ጥቂት ወር የሆናት ልጅ ናት።

"ለጌም የሚሆን ካርድ ፈልጌ ነበር። አረንጓዴው ይሻላል ወይስ ቀዩ፣ ግራ ገብቶኛል" አለችው።

እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። ሱቁን ሊቆልፍ ነው፣ ልውጣለት ብዬ ነው። ክፍሎም ግን ከመቀመጫው አልተነቃነቀም።

"በጀትሽ ስንት ነው?" አላት።

ነገረችው። ከመደርደሪያው አንድ ሳጥን አወረደ። "እኔ ጋ ያለው አረንጓዴው ነው። ቀዩን ከፈለግሽ ማዶ ጠይቂ።"

"ለእኔ የቱ ይሻለኛል?"

"ሁለቱም ጥሩ ናቸው" አላት።

ልጅቷ ትንሽ አሰበች፣ ከፈለች፣ ሳጥኗን አቅፋ ወጣች።

"ቤቷን አታይላትም እንዴ?" አልኩት።

"ትቼዋለሁ" አለኝ፣ በቁጣ አይደለም። "ቤቱ ስገባበት ሰው ምን እንደሚያስብ አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁ።"

ይህን ብሎ ኪቦርዱን ጠቅልሎ ሰጠኝ። በመስታወቱ ሳይ ልጅቷ ሳጥኗን ደረቷ ላይ አስጠግታ መንገድ ትሻገራለች። የምትገባበት ቤት ቆጣሪው የስንት ሰው እንደሆነ የጠየቃት የለም። ሮጬ ልደርስባት አሰብኩ። ደርሼስ ምን ልላት? ይሄ ሰው ለሰው ቤት ያይ ነበር፣ ያስተውኩት እኔ ነኝ ልበላት? አፍሬ ኪቦርዱን ብብቴ ሥር ይዤ ወደ ቢሮዬ ዞርኩ።